«አትጨምር» ያልኩት እኔ ነበርኩ

ግንቦት 26 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ስድስት ደቂቃ። ጀዊ የስደተኞች መጠለያ፣ የምክር አገልግሎት ቁጥር ሁለት ክፍል። አንድ ተገልጋይ ከተቀመጠበት ተነስቶ ምንም ሳይናገር ወጣ። ክፍለ ጊዜው ከተጀመረ ስድስት ደቂቃው ነበር። ክፍሉ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን፤ አራት ቀረን። ጠረጴዛው ላይ አምስት ብርጭቆ ሻይና አንድ ሰሃን ብስኩት ነበር። ብስኩቱን ማንም አልነካውም።

ጡረታ ልወጣ አንድ ወር ከአራት ቀን ቀርቶኝ ነበር።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። ወዳጆቼ ስለ ሬዲዮው ዘመን እንድጽፍ ይጠብቃሉ፤ እሱም ይመጣል። ብዕር እንዳነሣ ያደረጉኝ ግን እነዚያ ሠላሳ አራት ቀናት ናቸው። በስልሳ ዓመቴ ጠዋት ጠዋት ከመኪናው ቀድሜ መንገድ ዳር የቆምኩት፣ ማስታወሻዬን ሦስቴ እያነበብኩ የሣቅሁት፣ ምሳ የረሳሁት በነዚያ ቀናት ነው። የሁለቱ ተገልጋዮች ስም እዚህ የለም። ታሪኩ እንዲጻፍ ግን ሁለቱም በአስተርጓሚው በኩል ፈቅደዋል።

ቤተሰቤ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጣ ነው። እኔ እርሻውን ለወንድሞቼ ትቼ የሬዲዮ ዘጋቢ ሆንኩ። የቡና ዋጋ ሲወርድ መቲ፣ የድንበር ንግድ ሲደምቅ ማታር እላካለሁ። ማታር ስሄድ የባሮን ወንዝ በጀልባ ነው፤ መቅረጫውን በላስቲክ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አስሬ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ሥራውን ግን እወደው ነበር። ያየኸውን ጻፍ፣ የሰማኸውን ከማን እንደሰማህ ጻፍ፣ የገመትከውን ተወው። ሕጉ ይኸው ነበር።

አንድ ጊዜ አንድ አስተርጓሚ የአርሶ አደሩን ቃል ሲተረጉም የራሱን ሐሳብ ጨመረበት። እኔም ሳላጣራ አየር ላይ አዋልኩት። በማግስቱ በገዛ ድምፄ ስህተቱን አረምኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአስተርጓሚ ሁሉ የምናገረው አንድ ቃል ነበር፤ አትጨምር።

ወደ ምክር ሥራ ያስገባኝ ኦሞድ ይባላል። የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነበር። ባሮ ሞልቶ ዳር ዳር ያሉትን ቤቶች በወሰደ ጊዜ አንዲት ሴት ፊት ማይክ ይዤ «ምን ተሰማዎት?» አልኳት። ተናገረች፤ አለቀሰች። ጥሩ ቅጂ ነበር። አመስግኜ ገመዴን ስጠቀልል አንድ ረጅም ሰው የገመዱን ጫፍ ረገጠው።

«አንተ ከፈትክ» አለኝ። «ማነው የሚዘጋው?»

ኦሞድ ገመዴን ለቀቀና ሴትዮዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ምንም አልጠየቃትም። አርባ ደቂቃ ያህል ቆየ። እኔም ቆሜ አየሁ፤ በሙያዬ ያን ያህል ጊዜ ሳልጠይቅ ቆሜ አላውቅም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በሥነ ልቦና ምክር የማስተርስ ትምህርት ጀመርኩ። ከክፍሉ ሁሉ ትልቁ እኔ ነበርኩ። የመስክ ልምምዴንም በኦሞድ ሥር፣ በከተማው ሆስፒታል ሠራሁ።

ኦሞድ ማንንም «እርስዎ» አይልም፤ አማርኛን የተማረው ጎልማሳ ሆኖ ነው፤ በእሱ አማርኛ ሐኪሙም ሾፌሩም «አንተ» ነው። ተገልጋይ ከመምጣቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይገባና ተገልጋዩ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ዝም ብሎ። በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ የፈታ መስሎኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት «ና፣ አንተ ተቀመጥ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ከዚያ ወንበር ላይ በመስኮቱ በኩል የሚታየው የቁስል ማሸጊያው ክፍል በር ነበር። ሰው ስለ ሐዘኑ ሊያወራ እዚያ ተቀምጦ ደም የነካው ጨርቅ ሲወጣና ሲገባ ያያል ማለት ነው። ወንበሩን አዞርነው። የተማርኩትን ሁሉ ብረሳ ይህን አልረሳውም።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ወረቀት ያወጣና መሐሉን በመስመር ይከፍለዋል። በግራ የተባለው፣ በቀኝ እሱ ያሰበው። ይህን በጣም ወደድኩለት፤ የጋዜጠኛ ሥራ ነው። አንዱን ልማዱን ግን አልወደድኩለትም። ከክፍለ ጊዜው በፊትም በኋላም አስተርጓሚውን ይዞ እስከ ሆስፒታሉ ግቢ ማንጎ ዛፍ ድረስ ይራመዳል። «አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? ዛሬ የምንሠራው ሰው ያስቀይማል?» እያለ ይጠይቀዋል።

«ጋሼ ኦሞድ፣ አስተርጓሚው ሐሳብ ከሰጠ የምንሰማው የማንን ቃል ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«የማን ቃል እንደሆነ ጠይቀዋ። አፍ የለውም?»

አላሳመነኝም። እሱ ጡረታ ወጥቶ አቦቦ ወዳለው ማሳው ሲገባና እኔ የመስክ ልምምድ ሱፐርቫይዘር ስሆን መጀመሪያ የሠራሁት የአስተርጓሚዎች መመሪያ ነው። አራት መስመር። ቁጥር አንድ፦ የተባለውን ብቻ። ቁጥር ሁለት፦ አትጨምር። በፕላስቲክ አሽጌ ለእያንዳንዱ አደልኩ። ኮርቼበትም ነበር።

ተማሪዎቹ በየዓመቱ ከደጋ ይመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን ካልሲ ያደርጋሉ፤ በሦስተኛው ቀን አያደርጉም። ቦርሳቸው ውስጥ የመማሪያ ጽሑፍ ሞልቷል፤ እጃቸው ላይ ደግሞ ሎግ ቡክ አለ። ከተገልጋይ ጋር የተቀመጡባት እያንዳንዷ ሰዓት በእሱ ትመዘገባለች፤ ከሥርም የእኔ ፊርማ ይወርዳል። ሥራዬ ጥግ ላይ ተቀምጦ ማየት፣ ከዚያ ውጭ ወጥቶ መነጋገር ነው። ውጭ ሲያዩት የሚያንቀላፋ ይመስላል። አይደለም። ተማሪ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ይዞ ዝምታን ሲሸከም ከጥግ ሆኖ ማየት እግር ኳስ ከማየት ይበልጣል።

የዚያ ዓመቷ ተማሪዬ ሰላማዊት የደሴ ልጅ ናት። «የአገሬ ልጅ» ስላት «ጋሼ ይመር፣ እርስዎ ደሴን ካዩ ስንት ዓመት ሆነዎት?» ብላ አፌን አስያዘችኝ። የዩኒቨርሲቲዋ ደንብ ከአንድ ተገልጋይ ጋር ከመክፈቻ እስከ መዝጊያ ስምንት ክፍለ ጊዜ ይጠይቃል። ሎግ ቡኩ የሚዘጋው ሰኔ 27 ነው። ለዩኒቨርሲቲዋ የሚፈርም ሌላ ሱፐርቫይዘር በአካባቢው ስላልነበረ፣ በእኔ ጊዜ ካልጨረሰች ዓመቷ ይባክናል።

የእሷ ተገልጋይ ሚስቱ የሞተችበት የኑዌር ሰው ነው። እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግብ ተጸይፎ በመጠለያው ጤና ጣቢያ በኩል መጣ። አስተርጓሚያችን ኩዋንግ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው፣ ኑዌርኛም አማርኛም እንግሊዝኛም የሚያውቅ፣ መመሪያዬን ከደረት ኪሱ የማያወጣ።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሰውየው አሥራ አንድ ደቂቃ ዝም አለ። ሰዓቴን እያየሁ ነበር። ሰላማዊት ዝምታውን አልነካችውም፤ እግሯን እንኳ አላንቀሳቀሰችም። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ተናገረ። ኩዋንግ ተረጎመ፦ «ልጆቼ እዚያ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ጭሱን አየዋለሁ።»

ሁለት ልጆቹ በአማቱ ቤት ነበሩ፤ ከእሱ ቤት ስድስት ረድፍ ርቆ። ሚስቱ ከተቀበረች ወዲህ አላገኛቸውም። አማቱ የከለከለችው መስሎታል። የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ልጆቹ እሱ ዘንድ እንዲያድሩ። ያን ቀን ከክፍሉ ስንወጣ ሰላማዊት «ጋሼ፣ ሰሙ? ሰሙ?» እያለች መሬቱን ለቃ ነበር። እኔም ያንን ዓረፍተ ነገር በግራው ዓምድ ላይ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

በስድስተኛው ላይ አራት ሰዓት መተኛት ጀምሮ ነበር። ሰላማዊት ዕቅድ አወጣች፤ አማቱን ጠርተን የቤተሰብ ክፍለ ጊዜ እናድርግ፤ ክብ ሠርተን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ፊት ለፊት ይነጋገሩ። ዕቅዱን አነበብኩ። «ጥሩ ዕቅድ ነው» ብዬ ፈረምኩ። ብስኩቱን ከከተማ የገዛሁት እኔ ራሴ ነኝ።

ሰውየው አማቱን ክፍሉ ውስጥ ሲያያት ደነገጠ፤ ግን ተቀመጠ። ሰላማዊት ሻይ ቀዳች። ለአማቱ ሰጠች፤ ለእሱ ሰጠች፤ ብስኩቱን ወደሱ ገፋች። ብርጭቆውን ሳይቀምስ መልሶ አስቀመጠና ወጣ።

ኩዋንግን ውጭ የውኃ ጋኑ ጋ አገኘሁት።

«ኩዋንግ፣ ምን ሆነ?»

«ሄደ።»

«ለምን ሄደ?»

«ልጨምር ወይስ አልጨምር?»

«ጨምር።»

«አማቱ ናት። ሰው አማቱ ፊት አይበላም። እንዲህ ጉልበት ለጉልበትም አይቀመጥም። አንተ ብስኩት ሰጠኸው።»

«አልበላም ማለት ይችል ነበር።»

«እሷስ? እሷም ብርጭቆ ይዛለች። እያያት ትጠጣ? ሁለቱንም አሳፈርክ። እሱ ወጣና አዳናት።»

«ሰኞ ስንዘጋጅ እዚያው ነበርክ። ለምን አልነገርከኝም?»

ከደረት ኪሱ ፕላስቲኩን አወጣ። «ቁጥር ሁለት» አለ ጣቱን አስቀምጦ። «ፊርማው ያንተ ነው።»

ሰላማዊት ሰሃኑን እንደያዘች መጣች። ሁሉንም ሰምታለች። «ጋሼ፣ ስድስቱ ደቂቃ ይቆጠራል?» አለች። ቀልድ አልነበረም፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ኩዋንግ ከሰሃኑ አንድ ብስኩት አነሳና ጎረሰ።

«እኔ ገና አላገባሁም» አለ። «አማት የለኝም።»

ከሰዓት በኋላ አቦቦ ደወልኩ። ኦሞድ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«ከአስተርጓሚው ጋር አልተራመድክም» አለ።

«አልተራመድኩም።»

«ስንት ዓመት ሆነ ካስተማርኩህ?»

ነገርኩት። ሣቀ፤ ከዚያ ዝናብ መጣ ብሎ ዘጋ።

በዚያው ቀን ለዩኒቨርሲቲው አንድ ገጽ ጻፍኩ። ዕቅዱን ያጸደቀው ማን እንደሆነ፣ አስተርጓሚው ያወቀውን እንዳይናገር የከለከለው መመሪያ የማን እንደሆነ፣ ተማሪዋ የጸደቀላትን እንዳደረገች። በግራው ዓምድ ብቻ።

ከዚያ ከኩዋንግ ጋር ተራመድን። መጠለያው ውስጥ ማንጎ የለም፤ በአጥሩ ዙሪያ ሄድን። ስጠይቀው መጀመሪያ በአንድ ቃል ይመልስ ነበር። በሁለተኛው ዙር በሦስት ቃል። በሦስተኛው ዙር እኔን አስቁሞ ማውራት ጀመረ። ለስድስት ክፍለ ጊዜ ያህል የያዘውን ነው የዘረገፈው። ሰላማዊት ከጎናችን እየሮጠች ትጽፋለች። ያን ቀን የተማርኩትን ያህል በአንድ ቀን ተምሬ አላውቅም፤ ጥፋተኛ ሆኜም ደስ ብሎኝ ነበር። ኩዋንግ ያለው ይህ ነው፤ ለሰውየው ወጣት አትላኩበት፤ በአባቱ በኩል አጎት አለው፣ ጥፋቱ የአንተ፣ የቢሮው ሽማግሌ፣ መሆኑን እሱ ይንገረው። ለአማቱ ግን አንተ ራስህ ሂድ።

ዓርብ ግንቦት 29 ከኩዋንግና ከሰላማዊት ጋር ሄድኩ። ትልቅ ሴት ናት፤ በእጇ በቆሎ እየፈለፈለች ነበር። ይቅርታዬን ሰማች። ፀጉሬን አየች።

«ሸብተሃል» አለች፤ ኩዋንግ ይተረጉማል። «አማት የለህም?»

«ነበረችኝ። ሞታለች።»

«ፊቷ ትበላ ነበር?»

«አዎ። በእጇ ታጎርሰኝ ነበር።»

ኩዋንግ አልተረጎመም። ወደኔ ዞረ። «እንዲህ ልበላት?»

«እንዲህ በላት።»

ተረጎመላት። በቆሎው ከእጇ ወደቀ። እስክታለቅስ ሣቀች፤ ከዚያ ጎረቤቶቿን በስም በስም ጠርታ ነገረቻቸው። አራት ሴቶች መጥተው አዩኝ። አንዷ እጄን ገልብጣ አየችው።

ሣቁ ሲያልቅ አማቲቱ እንደገና በቆሎዋን አነሳች። ልጆቹን አልከለከልኩም አለች። ከእሱ ወገን ሴት መጥታ ትወስዳቸው ዘንድ እየጠበቀች ነበር፤ ማንም አልመጣም። «እዚያ ማዶ ይቆማል፤ ልጆቹም ያዩታል» አለች። «ግን ልጄ ስትሞት የነገረችኝ ቃል አለ። ለእሱ ነው። በሰው አልክም። ከእኔ አፍ ይስማ። ከዚያ ልጆቹን ይውሰድ።»

አማቿ ፊት መቀመጥ አትችልም፤ ቃሉን በሌላ ሰው አትልክም። ኩዋንግ ወደ ቢሮ ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

«ምንጣፍ» አለ።

«ምን ምንጣፍ?»

«መሐል ላይ እንስቀል። እሷ ወዲያ፣ እሱ ወዲህ። አይተያዩም፤ ይሰማማሉ። ሻይ የለም። ብስኩት የለም።»

«ይህ የእናንተ ልማድ ነው?»

«አይደለም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ሰላማዊት ባለችበት ቆማ አጨበጨበች። ነገር ግን ሰውየው ገና አልመጣም። ማክሰኞ ሰኔ 3 አልመጣም። ዓርብ ሰኔ 6 አልመጣም። ሰኔ 10 አልመጣም። ሰላማዊት በየቀኑ ከሰዓቷ ቀድማ ትገባና በሰውየው ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። ሂጂ ተቀመጪ አላልኳትም፤ ስለ ኦሞድ አንድ ቀን ብቻ አውርቼላታለሁ።

ዓርብ ሰኔ 13፣ ሦስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው በሩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ ያየው ጠረጴዛውን ነው። ባዶ ነበር። ገብቶ ተቀመጠ። አጎቱ ነግሮታል። ሰላማዊት ይቅርታ ጠየቀች፤ ስለ ምንጣፉም ነገረችው።

ኩዋንግን በኑዌርኛ አንድ ነገር ጠየቀው።

ኩዋንግ ከራሱ መለሰለት፤ ከዚያ ወደኛ ዞሮ «ጨምሬያለሁ» አለ። «የሚጋርደው ስስ ነው ወይስ ወፍራም ብሎ ጠየቀ። ወፍራም ነው፣ የእናቴ የመኝታ ምንጣፍ ነው አልኩት።»

ሰባተኛው ክፍለ ጊዜ አርባ ስምንት ደቂቃ ፈጀ። ተቆጠረ።

ሰኔ 20፣ ዓርብ፣ ስምንተኛው። ምንጣፉን ከግድግዳ ግድግዳ በገመድ ወጠርነው። አማቲቱ በጓሮው በር ገባች፤ እሱ በፊት ለፊቱ። ሰላማዊት በእሱ በኩል፣ ኩዋንግ በምንጣፉ ጫፍ ላይ፣ እኔ ጥግ ላይ። ልቤ ሬዲዮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ስገባ እንደመታው ይመታ ነበር። ሁለቱም የሚያወሩት በኑዌርኛ ነው፤ ትርጉሙ የሚያስፈልገው ለሰላማዊትና ለእኔ ብቻ ነው። ኩዋንግ ሰላምታውን ተረጎመ። የልጆቹን ጤንነት ተረጎመ። ከዚያ የአማቲቱ ድምፅ ዝቅ አለ። ኩዋንግ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ አልተረጉምም» አለ።

ሰላማዊት አየችኝ። ለአስተርጓሚው ስንት ዓመት የነገርኩት፣ ለስንት ተማሪ ያስተማርኩት አፌ ላይ ደረሰ። አንገቴን ነቀነቅሁ፤ ይሁን። ሰላማዊት እጇን ጭኗ ላይ አሳርፋ ተቀመጠች።

ሃያ ሦስት ደቂቃ ተነጋገሩ። እሱ አንድ ጊዜ አለቀሰ። እሷ ሁለት ጊዜ ድምፅዋ ተቋረጠ። ምንጣፉ አልተነካም። እሷ በጓሮው በር ወጣች። ሰላማዊት ከሰውየው ጋር ቀርታ መዝጊያውን ሠራች፤ አሥራ አራት ደቂቃ። ከዚያ በኋላ ክትትሉን የአገልግሎቱ ቋሚ አማካሪ እንደሚቀጥል ተስማሙ።

የሎግ ቡኩ ቅጽ «የውይይቱ ይዘት» የሚል ቦታ አለው። ሰላማዊት «23 ደቂቃ፣ አልተተረጎመም፣ ይዘቱን አላውቅም» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ፈረምኩ። ለአስተርጓሚ የተዘጋጀ ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም። በማስመሪያ አንድ መስመር አሰመረችና ብዕሩን ለኩዋንግ ሰጠችው። እሱም ፈረመ፤ ቀኑንም ጻፈ። ሎግ ቡኩ ሰኔ 27 ገባ፤ ዩኒቨርሲቲው ተቀበለው።

ሰኞ ሰኔ 30 ቁልፍ አስረከብኩ። ከአሮጌዎቹ ፕላስቲኮች አንዱን ይዤ ወጣሁ፤ ቀሪዎቹን ኩዋንግ ሰብስቦ ወስዷቸዋል። አዲሱ መመሪያ በእጁ ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው መስመር «ከክፍለ ጊዜው በፊት ከአስተርጓሚው ጋር ተራመድ» ይላል።

ማክሰኞ ሐምሌ 1 ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ኩዋንግ ነበር።

«ጋሼ፣ የሰውየው እህት ትናንት ልጆቹን ወሰደች።»

«ማን አየ?»

«እኔ አየሁ። ደግሞ አማቲቱን ጠይቄ አረጋገጥኩ። ሁለት ምንጭ ነው።»

«አሁን የት ናቸው?»

«ቆይ» አለ። ሲራመድ ይሰማኛል። ሰዓቴን አየሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።

«አባታቸው ደጃፍ ላይ ናቸው። ሁለቱም። እሱ እሳት እያነደደ ነው።»